ይቅርታ የጠየቀ ደብዳቤ

በአንድ ወቅት፣ ከሰው ቃል ይልቅ ማኅተም በሚታመንባት አንዲት ከተማ፣ ቢተው የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን ግብር ገማቾች መጡ፤ የስፌት መኪናውን እንኳ ሳያዩ፣ ደጁ ላይ እንደቆሙ፣ አቅሙ የማይችለውን ግብር ጣሉበት። አቤት አለ። «ማመልከቻዎ ይታያል» አሉት። ከፍሎ ሱቁን ዘጋ። የአቤቱታውን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልሎ ትራሱ ሥር አስቀመጠና አሥራ አንድ ዓመት ጠበቀ። እንዲህ ያለውን ጥበቃ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በአሥራ ሁለተኛው ዓመት ደብዳቤ መጣ። ክብ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን አለው። «ያለ አግባብ የከፈሉት ግብር ስለሚመለስልዎ የአገልግሎት ክፍያውን በሦስት ቀን ውስጥ በዚህ ስልክ ይላኩ» ይላል። ከታች ደግሞ፦ «ለደረሰብዎ በደል ይቅርታ እንጠይቃለን።» ቢተው ስለ ገንዘቡ የሚናገረውን አንድ ጊዜ አነበበ። የመጨረሻዋን መስመር ግን ዓይኑ እንባ እስኪሞላ ደጋገማት።

ሦስት ልጆች ነበሩት።

የመጀመሪያው ዘለቀ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ፣ ወረቀት ማንበብ የሚያውቅ ነው። አንዴ አይቶ ለየው። ስልኩ የግለሰብ ነው፤ ገንዘብህን ልመልስልህ ብሎ አስቀድመህ ክፈል የሚል መሥሪያ ቤት የለም፤ ሦስቱ ቀን የተሰጠውም ሰው ሳይጠይቅ እንዲጣደፍ ነው። የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። የተናገረው ግን ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ እየሳቀ ነው።

«አባዬ፣ ግብር ቤት ይቅርታ ሲጠይቅ የት አየህ? አሥራ አንድ ዓመት አስቀምጠውህ አሁንም ታምናቸዋለህ?»

ጎረቤቱም ሳቀ። ቢተው ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«አንተ ተምረሃል» አለው፤ «እኔ ግን ተበድያለሁ።»

ሁለተኛዋ የሻረግ አልሳቀችም። በእግሯ ግብር ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀች። ደብዳቤው የእነሱ አልነበረም። ጸሐፊዋ መዝገብ ቤት ገብታ ስትመለስ ሌላም ነገር ነገረቻት፤ የአባቷ አቤቱታ ከገባበት ቀን ጀምሮ እንደታሸገ ተቀምጧል፣ የከፈተው የለም። የሻረግ ስትመለስ አባቷ ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«አገኘሻቸው፣ የኔ ልጅ?»

ደብዳቤው ሐሰት መሆኑን ብትነግረው፣ አቤቱታው አለመከፈቱም እንዳያመልጣት ፈራች።

«ሰልፉ ረጅም ነው፤ ነገ እመለሳለሁ።»

ነገ ሦስተኛው ቀን ነበር። ቢተው ሱቁን ዳግም ሊከፍትበት ያጠራቀመውን ላከ። ከዚያ ወዲያ ያንን ስልክ ያነሣው የለም።

ሦስተኛው ምንይችል ማኅተም ቀራጭና ታፔላ ጻፊ ነው። አባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እህል አልቀምስ ሲል ማየት አላስቻለውም። ያንኑ የመሰለ ወረቀት፣ ያንኑ የመሰለ ማኅተም ሠራ። ክፈል የሚል ቃል የለበትም፤ «በድለንዎታል፣ ይቅር ይበሉን» ብቻ ይላል። ቢተው አነበበው፤ ተነሣ፤ በላም።

«ይቅርታ የጠየቀ ሰው መልስ ሳያገኝ አያድርም» ብሎ ራሱ የሰፋውን ሙሉ ልብስ ለብሶ ግብር ቤት ሄደ።

«ይቅር ብያችኋለሁ» አላቸው።

ደብዳቤው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ዞረ። አንዱ ሳቁን እየዋጠ፣ «አባት፣ እዚህ ቤት የይቅርታ ክፍል የለም። ለልጅዎስ የመጀመሪያው ደብዳቤ ሐሰት መሆኑን ነግረናት አልነበር?» አለው። ቢተው ወረቀቱን መልሶ ሲቀበል፣ ፊርማው ላይ የገዛ ሱቁን ታፔላ የጻፈውን እጅ አወቀ።

ቤቱ ገብቶ ነጠላውን እስከ ግንባሩ ተከናነበ። ከእድርም ቀረ። በሳምንቱ ወሬው የደረሳቸው ሽማግሌዎች መጡ። በአገሩ ወግ በዳይ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል፤ ድንጋዩን የሚያወርድለትም ተበዳዩ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ድንጋይ ግቢው መካከል አስቀመጡ።

«አባታችሁን ያዋረደ ያንሣ።»

«እኔ እውነቱን ነው የነገርኩት» አለ ዘለቀ፣ መሬት መሬት እያየ።

«እኔ ዝም ያልኩት ስላሳዘነኝ ነው» አለች የሻረግ።

«ከአልጋ ያስነሣሁት እኔ ነኝ» አለ ምንይችል። እጆቹን ግን ከጀርባው ደብቋቸው ነበር።

ገማቾቹን የጠራቸው የለም። ደብዳቤውን የላከውም አድራሻው አይታወቅም። በዳይ ሩቅ ሲሆን ድንጋዩ ለቤተሰብ ይቀራል።

በሩ ተከፈተ። ቢተው ወጣ፤ ሦስቱን አየ፤ ድንጋዩን አየ፤ ጎንበስም አለ።

«እናንተ ምን አደረጋችሁ? ያመንኩት እኔ» አለና ድንጋዩን በገዛ ጫንቃው ጫነው። ሊያወርድለት የቀረበ አልነበረም፤ የሚያወርደው ተበዳዩ ነውና፣ ማን «ተበዳይ እኔ ነኝ» ይበል?

እንግዲህ የሰማችሁ ፍረዱ። «ለገማቾቹ» ወይም «ለአታላዩ» የምትሉ ካላችሁ፣ ጠርታችሁ አምጡልን። ግቢው ውስጥ ከቆሙት ከአራቱ ግን፣ ድንጋዩ የሚገባው ለማን ነው?