የትርንጎ እጣቢ አልወርድ ያለ ጊዜ

ልጀምር። እሺ ባትሉኝም ጀምሬያለሁ።

አንድ ሲንክ ነበረ። ከሲንኩ ፊት አንዲት ሴት ቆማ ነበር። ስሟ ትርንጎ። ቤቷ ኮንዶሚኒየም፣ አንደኛ ፎቅ። የምትፈልገው ትንሽ ነገር ነው፤ የዕቃ እጣቢዋ እንዲወርድላት።

ነገ የኪዳነ ምሕረት ማኅበር ነው። ተረኛዋ እሷ ናት። ካህኑ ይመጣሉ፣ ሴቶቹ ይመጣሉ፣ ይበላል፣ ይታጠባል። ሲንኩ ግን እስከ አፉ ሞልቷል። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ውኃ ባፈሰሱ ቁጥር የእነሱ እጣቢ እዚህ ይወጣል። ትርንጎ ያልቀቀለችው መኮሮኒ ይንሳፈፋል። የዓሣ ቅርፊትም አየች።

«ለካ ዓሣ ይበላሉ!» አለች። ቀናች።

ከሥሯ፣ ምድር ቤት፣ አልጋነሽ አለች። የአልጋነሽ እጣቢ በራሱ ቱቦ ይወጣል፤ አይሞላም፣ አይሸትም። ሲንኩ እስከ ነገ ካልተከፈተ ማኅበሩ ወደ አልጋነሽ ይዞራል። ከዚያ ሰው ዓመቱን ሙሉ ያወራል። ትርንጎ ወደ ሲንኩ ጎንበስ አለች።

«ሲንክ፣ ሲንኬ፣ እጣቢዬን ዋጥልኝ።»

«አልውጥም» አለ ሲንኩ። «የአልጋነሽ ሲንክ ግራናይት ላይ ተቀምጧል። እኔ ጣውላ ላይ። እሱ ይዋጥልሽ።»

እጣቢው አልወርድ አለ፣ ሲንኩ አልውጥ አለ። ትርንጎ ተንበረከከች፤ ከሲንኩ ሥር ያለውን ጥምዝ ሲፎን ለመነችው።

«ሲፎን፣ ሲፎኔ፣ ሳብልኝ። ሲንኩ አልውጥ አለኝ።»

«አልስብም። ሲንኩ በየቀኑ በስፖንጅ ይታሻል። እኔን አንድ ቀን ፈትቶ ያጠበኝ አለ?»

ባልዲ ደቀነች፤ ፈታችው። ሩዝ ወጣ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ወጣ። አጥባ መልሳ ገጠመችው። ከላይ አንዱ ውኃ ለቀቀ። ሲንኩ ሞላ።

«በአንድ ቀን እጥበት የምደለል መሰለሽ?» አለ ሲፎኑ።

እጣቢው አልወርድ አለ፣ ሲንኩ አልውጥ አለ፣ ሲፎኑ አልስብ አለ። ትርንጎ ግድግዳውን በጡጫዋ መታች።

«ቱቦ፣ ቱቦዬ፣ አሳልፍልኝ። ሲፎኑ አልስብ አለኝ።»

«አላሳልፍም» አለ ቱቦው ከግድግዳው ውስጥ። «የዝናቡ ቱቦ ውጭ ቆሞ ሰማይ ያያል። እኔ ጨለማ ውስጥ የአራት ፎቅ ጉድ እሸከማለሁ። እሱ ይሸከምልሽ።»

እጣቢው አልወርድ አለ፣ ሲንኩ አልውጥ አለ፣ ሲፎኑ አልስብ አለ፣ ቱቦው አላሳልፍ አለ። ትርንጎ ደረጃውን ወረደች። ቱቦው ወደ ማንሆሉ፣ ወደ ፍሳሽ ጉድጓዱ፣ ይገባል። ማንሆሉ የት ነው? አፈር ሥር። ከአፈሩ በላይ ምንድን ነው? የአልጋነሽ ጽጌረዳ።

«ማንሆል፣ ማንሆሌ፣ ተከፈትልኝ። ቱቦው አላሳልፍ አለኝ።»

«አልከፈትም» አለ ማንሆሉ ከታች። «እላዬ ላይ የተተከለችውን ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። እኔን ግን አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈኝ።»

አልጋነሽ በሯ ላይ ቆማ ነበር።

«ከአበባዬ ጋር ምን ታወሪያለሽ?»

«አልጌ፣ የኔ እመቤት፣ አበባሽን ንቀይልኝ። ማንሆሉ ከሥሩ ነው። ነገ ማኅበር አለብኝ።»

«አልነቅልም።»

«ለምን?»

«አምና ማኅበሩ አንቺ ዘንድ ሲሆን ሰው ሲያወራ የከረመው የአንቺን ጠላ ነው። እኔ ዘንድ ሲሆን ምን አሉ? አበባሽ ያምራል አሉ። ያለችኝ እሷ ናት።» ፈገግ አለች። «ከከበደሽ ግን ተራሽን እኔ ልቀበልልሽ። ቤቴ ንጹሕ ነው።»

እጣቢው አልወርድ አለ፣ ሲንኩ አልውጥ አለ፣ ሲፎኑ አልስብ አለ፣ ቱቦው አላሳልፍ አለ፣ ማንሆሉ አልከፈት አለ፣ አልጋነሽ አልነቅል አለች። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ግቢው በር ሄደች። እዚያ ሁለት የቧንቧ ሠራተኞች ጎን ለጎን ሱቅ አላቸው። መጀመሪያ ደምሰው ዘንድ ገባች።

«ደምሰው፣ ወንድሜ፣ ናልኝ።»

«አልመጣም፣ እትዬ። አምና የመታጠቢያ ቤትዎን ለማን ሰጡ? ለጉደታ። እሱ ይምጣልዎት። ቱቦ የዘጋውን ቅባት ከተክል ሥር መለየት ከቻለ።»

እጣቢው አልወርድ አለ፣ ሲንኩ አልውጥ አለ፣ ሲፎኑ አልስብ አለ፣ ቱቦው አላሳልፍ አለ፣ ማንሆሉ አልከፈት አለ፣ አልጋነሽ አልነቅል አለች፣ ደምሰው አልመጣ አለ። ትርንጎ ቀጥሎ ያለው ሱቅ ገባች።

«ጉደታ፣ ልጄ፣ ተነሥልኝ።»

«አልነሣም፣ እትዬ። ደምሰው ረጅም የቱቦ መጥረጊያ እስፕሪንግ አስመጥቷል። የእኔ አጭር ነው። ግማሽ መንገድ ደርሶ ሲቆም ማን ይሳቅበት?»

ትርንጎ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀመጠች። እጣቢው አልወርድ አለ፣ ሲንኩ አልውጥ አለ፣ ሲፎኑ አልስብ አለ፣ ቱቦው አላሳልፍ አለ፣ ማንሆሉ አልከፈት አለ፣ አልጋነሽ አልነቅል አለች፣ ደምሰው አልመጣ አለ፣ ጉደታ አልነሣ አለ። ከዚህ በኋላ ሰው አልቀረም።

«በቃ» አለች። «ማኅበሩን አልጋነሽ ትውሰደው። ግራናይቷ ላይ ታስታጥባቸው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጉደታ አንገቱን አቀረቀረ። መልሶ ቀና ብሎ፣

«ደምሰው ግን ምን አለዎት?»

«ጉደታ ቅባትን ከሥር አይለይም አለኝ።»

ጉደታ ተነሣ! አጭሯን እስፕሪንግ ነጠቀ፣ ወጣ። ደምሰው ጉደታ ሲወጣ አየ። ሱቁን ሳይቆልፍ ረጅሙን ተሸክሞ ተከተለ። ደረጃው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፉ።

አልጋነሽም ከኋላቸው ወጣች፤ ማኅበሩን ልትረከብ።

ሲፎኑን ፈቱ። ጉደታ የራሱን ሰደደ። ግማሽ መንገድ ደርሶ ቆመ።

«ቅባት ነው» አለ ጉደታ።

«አጭር ነው» አለ ደምሰው። የራሱን ሰደደ፣ አዞረ፣ አዞረ፣ ጎተተ። ጫፉ ላይ ቡናማ፣ ቀጫጭን፣ እንደ ፀጉር የተጠቀለለ ነገር ወጣ። «አላልኩም? ሥር!»

«የምን ሥር?» አለ ጉደታ።

ጉደታ አንዷን መዝዞ በጣቶቹ አሻት።

«የጽጌረዳ ነው። እናቴ ዘንድ ሞልቷል። ቱቦው ማንሆሉ ውስጥ በሚገባበት መገጣጠሚያ ሰርጎ ነው። ከላይ ብትቆርጠው ተመልሶ ያድጋል። ተክሉ ነው መነሣት ያለበት።»

ሁሉም አልጋነሽን አዩ።

«አልነቅልም ብያለሁ! በግቢው እንደሷ ያማረ የለም።»

«እንዴት አያምር፣ እትዬ» አለ ጉደታ። «ዓመቱን ሙሉ የጠጣችው የእትዬ ትርንጎን እጣቢ ነው።»

አልጋነሽ ወደ ጉደታ ዞረች።

«የማንን?»

«የእትዬ ትርንጎን። የላዮቹም አለበት፤ ያወፈራት ግን የእሷ ነው፤ የሽሮው፣ የወጡ፣ የጠላ ጋኑ እጣቢ። ለአበባ ከዚህ የሚበልጥ የለም።»

አልጋነሽ ትርንጎን አየቻት። ትርንጎ ሳታስበው ቀና አለች።

«ካህኑ ሳይቀሩ ያመሰገኑልኝ» አለች አልጋነሽ፣ «የሷን ጠላ ነው?»

መልስ አልጠበቀችም። ወረደች። አካፋም ሳትፈልግ ጽጌረዳዋን በባዶ እጇ ያዘቻት፤ እሾሁ ወጋት፤ አለቀቀችም። ነቀለች። ጉደታ አፈሩን ዛቀ፣ ደምሰው ሥሩን ቆረጠ፣ መገጣጠሚያውን አብረው ደፈኑ፤ ሲሚንቶው በዛ አልበዛም እየተባባሉ። ማንሆሉ ተከፈተ፣ ቱቦው አሳለፈ፣ ሲፎኑ ሳበ፣ ሲንኩ ዋጠ፣ መኮሮኒው ሄደ፣ ዓሣው ሄደ፣ የትርንጎ እጣቢ ወረደ።

በማግስቱ ማኅበሩ ገባ። ተበላ፣ ተጠጣ፣ ታጠበ። ሰው ስለ ጠላው አወራ። ስለ አበባ ያወራ አልነበረም።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ትርንጎ የመጨረሻውን ሳፋ ደፋች። ሄደ። በመስኮት ቁልቁል አየች። አልጋነሽ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ ባዶው አፈር ላይ ቆማለች።

«ወረደልሽ?» አለች አልጋነሽ ቀና ብላ።

«ወረደልኝ።»

«እንግዲህ አሁን ማን እንደሚጠጣው እንጃ።»

ትርንጎ ይህን አላሰበችም ነበር። ዓይኗ ማንሆሉን ተከተለ፣ ከማንሆሉ የሚወጣውን ቦይ ተከተለ፣ አጥሩን ተሻገረ። ከአጥሩ ማዶ፣ ቦዩ በሚወርድበት ወንዝ ዳር፣ የጎመን መደብ ነበር። ቅጠሉ ሰፊ፣ ወዙ የሚያበራ፣ ለምለም ጎመን።

«አልጌ» አለች። «ነይማ ወደ ላይ ውጪ።»

አልጋነሽ ወጣች። ሁለቱም በአንድ መስኮት ተሻምተው አዩ።

«ማናት ደግሞ ይቺ ባለጎመን?» አለች ትርንጎ።