ፊልም አመላላሹ አህያና የቀበሮ ምሰሶ

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም የቤት እንስሳውም በአንድ አንበሳ ሥር ተስማምቶ በሚኖርበት ሸለቆ ውስጥ ዳልቻ የሚባል አህያ ነበር። ተስማምቶ ይባል እንጂ፣ ስምምነቱ አንበሳው እያየ እስከሆነ ድረስ ብቻ ነበር።

የዳልቻ ሥራ ፊልም ማመላለስ ነው። ከአያ አንበሶ ግምጃ ቤት የፊልም ሲዲዎችን በፖስታ በፖስታ አድርጎ፣ በከረጢት ተሸክሞ፣ በሸለቆው ወዳሉት አርባ ቤቶች ያደርሳል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ያየውን ያልመለሰ አዲስ አይሰጠውም። ስለዚህ ዳልቻ በየደጁ ይቆማል፣ በኮቴው ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፣ ከዚያ እንደ ጨዋ ልጅ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ባለቤቱ ወጥቶ አሮጌውን ሲዲ ያስረክባል፣ አዲሱን ይቀበላል። ሲዲ ያልመለሰ ቤት ካለ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። አምና ሚዳቋ እግሯ ተሰብሮ ሦስት ቀን ወድቃ ያገኛትና ጎረቤት የጠራላት ዳልቻ ነበር።

አያ አንበሶ ደግሞ ፊልም ሲወድ ለጉድ ነው፤ በተለይ ንጉሥ የሚያሸንፍበትን። ፊልሙ እንዳይቋረጥበት ብሎ ከዓመታት በፊት አዋጅ አስነግሮ ነበር፦ «የፊልም ከረጢት የተሸከመውን የነካ እኔን የነካ ነው!» ዳልቻ ጅብ በሚኖርበት ሸለቆ አሥር ክረምት የከረመው በዚህ አዋጅ ነው። ራሱም አሳምሮ ያውቀዋል። ከረጢት ያለው አህያ ፖስተኛ ነው፤ ከረጢት የሌለው አህያ ሥጋ ነው። ደግነቱ አንዱን ሲሰጥ አንዱን ስለሚቀበል፣ ከረጢቱ ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ከአርባዎቹ ቤቶች የመጨረሻው፣ ከወንዙ ዳር ያለው፣ የእሜቴ በጊት ነበር። እሜቴ በጊት አሮጊት ናት፤ ልጆቿ ርቀዋል። ፊልም ታዛለች እንጂ አንድም ፊልም ጨርሳ አታውቅም፤ ገና ግማሹ ላይ ሳይደርስ እንቅልፍ ይዟት ይሄዳል።

«ዳልቻ ልጄ፣ ያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ?» ትለዋለች ሲዲውን ስትመልስ።

«ሚስቱን አገኛት፣ እሜቴ።»

«ተመስገን! እኔማ እየተሳቀቅሁ ነበር የተኛሁት። እስቲ አረፍ በል፣ ከመጀመሪያው ንገረኝ።»

እሱም ደጃፏ ላይ ቆሞ ይነግራታል። ፊልሙን ራሱም አላየውም፤ ከየቤቱ የለቃቀመውን ወሬ ነው የሚነግራት። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

አንድ ቀን ከእሜቴ በጊት ቤት ሲመለስ አያ ጅቦን መንገድ ላይ አገኘው። አያ ጅቦ ማለት ሲዲ ሲያብረቀርቅ አይቶ ጮማ መስሎት ነክሶ ጥርሱን የሰበረ ጅብ ነው። የዚያን ቀን ግን ፈገግ ብሎ፣ እያነከሰ ቀረበ። ጅብ እስኪነክስ ያነክስ ይባል የለ!

«ወንድም ዳልቻ፣ እንደምን ዋልክ? ከረጢቱ ከበደህ መሰለኝ፣ ትንሽ ላግዝህ?»

«አልከበደኝም፣ አያ ጅቦ።»

«ወፍረሃል ግን። ያምርብሃል፣ ከልቤ ነው። እንዲያው ይህን ከረጢት አውርደህ የምታርፍበት ቀን የለም?»

«የለም።»

«አይ ሥራ! ዝንተ ዓለም ሥራ ብቻ!» አለና አያ ጅቦ ምራቁን ዋጠ።

ይህን የሚሰማ አንድ ጆሮ ከቁጥቋጦው ጀርባ ነበር። የቀበሮ ጆሮ ነው። ጅብ የተመኘውን ነገር እንዴት እንደሚያገኘው አያውቅም፤ ቀበሮ ግን ያውቃል፣ የድርሻውን አጥንት እስካገኘ ድረስ።

ወር ሳይሞላ ቀበሮ ከሩቅ አገር አንድ ረጅም የብረት ምሰሶ አስመጣና በጅቡ ኮረብታ ላይ አቆመ። ምሰሶውን ተሸክሞ ሽቅብ ያወጣው አያ ጅቦ ራሱ ነው። ጅብ በዕድሜው የሠራው የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር፣ ለምን እንደሠራም ማንም አልጠየቀም።

ከዚያ በዋርካው ሥር ጉባኤ ተጠራ። አርባውም ቤት መጣ። ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ ዳልቻን ሁላችንም እንወደዋለን። ግን እውነቱን እንነጋገር። ሰኞ ያዘዛችሁት ፊልም መቼ ይደርሳችኋል?»

«ዓርብ!» አለች ፍየል።

«ዓርብ! ሰኞ መሳቅ አማራችሁ፣ ዓርብ ሲደርስ ማልቀስ አምሯችኋል። ሲደርስስ? ጥንቸል ቤት ተጭሯል፣ ጃርት ቤት ተሸንቁሯል። ልክ ልብ የሚሰቅለው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ ቀጥ!»

«እውነቱን ነው!» አለ ጉባኤው እየሳቀ። ዳልቻም አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ?

«ከእኔ ምሰሶ ግን ፊልሙን ከአየር ታወርዱታላችሁ፤ አሁን ስትሹ አሁን። መመለስ የለ፣ መጠበቅ የለ፣ በጭቃ ኮቴ ደጃችሁን የሚያቆሽሽ የለ። አንዱ ሲያልቅ ሌላው በራሱ ይጀምራል፣ ተነሥታችሁ መንካት እንኳ አይጠበቅባችሁም። ማን ምን እያየ እንደሆነም እኔ ከኮረብታው ሆኜ በሰሌዳዬ ላይ አየዋለሁ፤ ችግር ካለ በእኔ ጣሉት!»

አያ አንበሶ ወደ አህያው ዞረ። «ዳልቻ፣ አንተስ ምን ትላለህ? ቅር የሚልህ ነገር ካለ ተናገር።»

ዳልቻ ተነሣ። ማለት የነበረበት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከረጢቱን ከወሰዳችሁብኝ እበላለሁ።» ከዚህ የሚቀል ዓረፍተ ነገር በዓለም ላይ የለም። ግን አያ ጅቦ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ እንደ ደብተራ ተከናንቦ ተቀምጧል። በሰው ፊት «አንተ ትበላኛለህ» ይባላል? ነውር ነው። ስለ ራስ ነፍስ ቆሞ መለመንስ? እሱ ደግሞ ይብሳል። ይሉኝታ የምትባል ገመድ አንገቱን ያዘችው።

«እንግዲህ... ሲዲ የሚጨበጥ ነገር ነው» አለ ዳልቻ። «ለጎረቤት ይዋሳል። ደግሞ ዝናብ ሲመጣ ኔትወርክ ይጠፋል ይላሉ። እኔን ዝናብ አስቀርቶኝ አያውቅም።» ደግሞም ጨመረ፦ «ብቻ እናንተ ደስ ካላችሁ፣ እኔ ምን አለኝ።»

ከአርባዎቹ ውስጥ ነገሩ ያልገባው አልነበረም። ግን ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም ሆነ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ ጅብ እንደሚገባ ግን የነገራቸው የለም።

«የተስማማ እግሩን ያንሣ» አለ አያ አንበሶ።

ዳልቻ እሜቴ በጊትን አያት። የፊት እግሯ ከሁሉም በኋላ ተነሣ። አልተቀየማትም። «አሮጊቷ የምትፈልገው ፊልም ሳይሆን የሚያጫውታት ነው» እንዳይሏት ፈርታ መሆኑ ገብቶታል። እሱንም ያሰረው ይኸው ይሉኝታ ነበርና።

«እንግዲያው ዳልቻ፣ ደክመሃል፣ ከረጢቱን አስረክብና ዕረፍ» አለ አያ አንበሶ። «አዋጁም ለከረጢቱ የወጣ ስለነበር ከከረጢቱ ጋር ቀርቷል።»

ሁሉም መረቁት። ፍየል አንድ እስር ሣር ሰጠችው። ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ የመረቀው አያ ጅቦ ነበር፦ «እሰይ! ዕረፍትህን ያጣፍጥልህ!»

ዳልቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአያ አንበሶ ዋሻ ደጃፍ አልራቀም። አዋጅ ባይኖርም ጅብ በአንበሳ አፍንጫ ሥር አይደፍርም። ሣሩ አለቀ፤ ሥሩን እየቆፈረ በላ። አያ አንበሶ እንደሆነ ከዋሻው አይወጣም፤ አንዱ ፊልም ሲያልቅ ሌላው ይጀምርለታል። ክረምቱ ገባ፣ ሸለቆው በጉም ተሸፈነ። በመንገዱ ላይ የሚሄድ የለም፣ በየደጁ የሚቆም የለም። ከየቤቱ የሚሰማው የቴሌቪዥን ድምፅ ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ቀበሮ ለአያ አንበሶ ወሬ ሊያደርስ ሲያልፍ ዳልቻ አስቆመው።

«ቀበሮ፣ እሜቴ በጊት ደህና ናት?»

ቀበሮ ሰሌዳውን ገለጥ አድርጎ አየ። «በጣም ደህና! እንደ እሷ ያለ ተመልካች የለኝም። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ሃያ ሰባት ፊልም፣ አንዱንም ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው አይታለች።»

የዳልቻ ልብ ድንግጥ አለ። እሜቴ በጊት? እስከ መጨረሻው? ዕድሜዋን ሙሉ የአንድ ፊልም መጨረሻ አይታ የማታውቀዋ?

ቀኑን ሙሉ ወዲያ ወዲህ አለ። ከዋሻው ደጃፍ ከራቀ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ፈራ፣ በጣም ፈራ። ደግሞ «ማንም ሳያንኳኳላት ስንት ቀን ሆናት?» እያለ አሰበ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጉሙ ትንሽ ገለጥ ሲል ሆዱ አላስችለው አለና ወደ ወንዙ ወረደ። ያለ ከረጢት ጀርባው ቀለለው፣ ቅለቱም አስጠላው።

የእሜቴ በጊት በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሰዎች ሲያወሩና ሲስቁ ይሰማል። ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። መልስ የለም። በአፍንጫው በሩን ገፋው።

ቴሌቪዥኑ ያወራል። መሬቱ ላይ ፀጉር ተበትኗል፣ ነጭ ፀጉር። በእሜቴ በጊት መደብ ላይ አያ ጅቦ ሆዱን ወጥሮ ተጋድሟል።

«አ! ወንድም ዳልቻ! ግባ እንጂ» አለ አያ ጅቦ። «ይኼን ነገር እንዴት እንደሚያጠፉት ታውቃለህ? አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል፣ መተኛት አልቻልኩም።» ከዚያ ቀና ብሎ ጀርባውን አየው። ከረጢት የለም። ጅብ ደደብ ነው ይባላል፤ ይህችን ሒሳብ ግን አይስታትም።

ዳልቻ ሮጠ። ሥር ሲበላ የከረመ አህያ የሚሮጠውን ያህል ሮጠ። የቅርቡ ቤት የፍየል ነው። ደረሰ፣ ሦስት ጊዜ አንኳኳ፣ እግሩ ልማዱ ነውና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፣ ጠበቀ። ያቺ እርምጃና ያቺ መጠበቅ ምን ያህል እንዳስከፈለችው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከኋላው የጅቡ ትንፋሽ ሲሰማው ግን ጨዋነቱን ጣለ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ደጅ ጮኸ።

«ክፈቱልኝ! ኧረ በፈጣሪ ክፈቱልኝ! ዳልቻ ነኝ!»

ከበሩ ወዲያ የፍየል ድምፅ ተሰማው። «እንዴ! ይኼ ፊልም ላይ አህያ አለበት እንዴ?»

«ይኖርበታል፣ ዝም ብለሽ እዪ» አለ ባሏ።

«አቤት ጩኸቱ! የእውነት እኮ ነው የሚመስለው!»

«እስቲ ድምፁን ጨምሪው።»

ጨመረችው። ዳልቻም ከዚያ በኋላ ብዙ አልጮኸም።

«እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለች አህያ አለች ይባላል። ዳልቻ እንዲያ አላለም። ሰርዶውም በቀለ፤ የሚረግጠው ስለሌለ በየመንገዱና በየደጃፉ በቀለ።

አያ አንበሶ በየሳምንቱ ቀበሮን ይጠይቀዋል። «ሕዝቤ እንዴት ነው?»

ቀበሮ አጥንት የሚግጥበትን አፉን ጠርጎ ሰሌዳውን ያያል። «በአርባውም ቤት ፊልም እየታየ ነው፣ ጌታዬ። አንድም የጎደለ የለም።»

«እሰይ፣ ሁሉም ሰላም ነው ማለት ነው» ይላል አያ አንበሶ፣ ወደ ፊልሙም ይመለሳል።

መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ አያ አንበሶ እንደ ወጉ ሕዝቡ እንኳን አደረሰህ እንዲለው ከዋርካው ሥር ቆሞ አገሳ። ማንም አልመጣም። ደግሞ አገሳ። ሲናደድ ራሱ ወረደ፤ ሰርዶውን እየረገጠ የፍየል ቤት ደረሰ። አንኳኳ። ከውስጥ ሲነጋገሩ ሲሰማ ንዴቱ በረደለት። «አሉ እኮ!» ብሎ በሩን ገፋው። የሚነጋገሩት ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ነበሩ። ከቤቱ ውስጥ ቀንድ ብቻ ተርፏል።

ወደ ሁለተኛው ቤት ሄደ፣ ወደ ሦስተኛው ሄደ። በየቤቱ ፊልሙ ይታያል፣ የሚያየው ግን የለም። ማምሻውን፣ በአርባኛው ቤት ደጃፍ፣ የሚገዛው ሕዝብ ያጣው ንጉሥ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከውስጥም አንዱ ፊልም አልቆ ሌላው ሲጀምር ይሰማው ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ምቾት አግኝተን ደጃችንን የሚያንኳኳውን ወዳጅ በይሉኝታ ዝም ብለን ያሰናበትን ቀን፣ የእኛን ጩኸት የሚሰማውንም ጆሮ አብረን ማሰናበታችንን ነው።