እመት ኤሊ ለአዞ የሠራችው የራስ ቁር

ተረት ላውርድ? «አውርድ!» በሉኝ እንጂ! ከኋላ ያላችሁት ድምፃችሁ አልደረሰኝም፤ ድገሙት። እህ፣ እንዲህ ነው!

ድሮ ድሮ፣ ብረት አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ ድንጋይ እግሩን ዘርግቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ዘመን፣ አንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር አንዲት ኤሊ ትኖር ነበር። እመት ኤሊ ይሏታል። ሌላ ስምም ነበራት አሉ፤ ግን ቀስ ብላ ስለምትናገር ስሟን ተናግራ እስክትጨርስ ሰሚው እየሄደባት ቀረ።

እመት ኤሊ አንድ አመል ነበረባት። የራስ ቁር መሥራት ትወዳለች። ጦረኛ ራሱ ላይ የሚደፋውን የብረት ቆብ ማለቴ ነው። ከቀጥቃጭ ቤት አልተወለደችም፣ ማንም «ሥሪልኝ» አላላትም፤ እንዲያው ደስ ስለሚላት ብቻ!

ጎረቤቶቿ ያላግጡባታል። «አንቺ፣ ፈጣሪ ጀርባሽን በድንጋይ ሸፍኖልሽ ምን ጎደለሽና ነው ብረት ስትደበድቢ የምትውይው?»

«ጀርባዬንማ ሸፈነልኝ፤ ራሴን ግን ረሳው። እሱ የረሳውን ልጨርስ ብዬ ነው» ትላቸዋለች።

ለአውራ ዶሮ ሠራች፤ ቀዩ ጉትያው እንዲወጣ ከላይ ሰነጠቀችለት። ለአህያ ሠራች፤ ለጆሮዎቹ ሁለት ረጃጅም የብረት ሰገባ አበጀችለት፤ አህያው ከዚያን ቀን ወዲህ ሲጠሩት አልሰማም አለ። ለጃርት ደግሞ ለእያንዳንዱ እሾህ አንድ አንድ ቀዳዳ፣ በጠቅላላው ሰባት መቶ ቀዳዳ በሳችለት። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ጃርቱ ከነውሃው እየሮጠ መጣና «እመት፣ ይሄ ቁር ነው ወንፊት?» አላት። እሷ አልተቆጣችም። «ግድ የለም፣ አምጣው ላሻሽለው» አለችው። ያለቀ ቁር ካየች እጇ አያርፍም፤ እዚህ ጋ ትከፍታለች፣ እዚያ ጋ ትደፍናለች።

ሁለት የሥራ ባልደረቦች ነበሯት። አንዱ መዶሻ ነው፤ ችኩል፣ ከማሰቡ በፊት የሚመታ። ሌላው ወናፍ ነው፤ ሰነፍ፣ አንድ ጊዜ ነፍቶ ሦስት ጊዜ የሚያዛጋ።

ታዲያ አንድ በጋ እመት ኤሊ ዘጠኝ እንቁላሎች ጣለች። ከሥራ ቦታዋ አጠገብ፣ የሞቀ አሸዋ ውስጥ ቀበረቻቸው። ሊፈለፈሉ ሦስት ቀን ሲቀራቸው አዞ መጣ።

ይሄ አዞ የጦር ስሙ አባ ጥርሱ ነው። ርዝመቱን አትጠይቁኝ! አፉ ሐይቁ ላይ ውሃ ሲጠጣ ጭራው ገበያ ውሎ ይመጣል። ከጉማሬ ጋር በሐይቁ ዳርቻ ይጣላሉ፤ በዚያ ሰሞን ጉማሬው አናቱን ነክሶት ሁለት ጉድጓድ አውጥቶበታል። ጉድጓዶቹ ጥልቅ ናቸው፤ ዝናብ ሲዘንብ ወፎች ይታጠቡባቸዋል።

አባ ጥርሱ እየተሳበ መጣና ጭራውን አሸዋው ላይ፣ ልክ እንቁላሎቹ ላይ ጋደም አደረገ።

«አንቺ ኤሊ!»

«አቤት ጌታዬ።»

«ቁር ትሠሪያለሽ አሉ።»

«እንዲያው ለጨዋታ ያህል ነው ጌታዬ።»

«ለእኔ ግን ለጨዋታ አይደለም። ሦስት ቀን ሰጥቼሻለሁ። ቁሬ እስኪያልቅ ጭራዬ ከዚህ አሸዋ አይነሳም። በሦስተኛው ቀን ካላማረኝ፣ ዘጠኙንም እንደ ቆሎ እቆረጥማቸዋለሁ።»

የእመት ኤሊ ራስ ሹልክ ብሎ ቅርፊቷ ውስጥ ገባ። ትንሽ ቆይታ ብቅ አለችና «ዘጠኝ መሆናቸውን በምን አወቁ?» አለችው።

«ስትጥይ ቆጥሬያለሁ። ጨዋ ስለሆንኩ አላሳፈርኩሽም።»

ምን ታድርግ? ወደ ሥራዋ ገባች። የተሰበሩ ማረሻዎች ሰብስባ ከሰል ላይ ጣለች። ወናፉ «እፍፍፍ… ደከመኝ… እፍፍፍ» አለ። ብረቱ ቀላ። የተቦረቦረ ግንድ ላይ አስቀመጠችና መዶሻው ቀጥቀጥ፣ ቀጥቀጥ፣ ቀጥቀጥ አደረገው። ጠፍጣፋው ብረት ጎበጥ እያለ መጣ።

«ልጨርሰው! ልጨርሰው!» አለ መዶሻ።

«ተው አትቸኩል። ብረት ሲመታ ይደነድናል፤ መልሰን ካላጋልነው ይሰነጠቅብናል። ስለ ልጆቼ ስትል ቀስ በል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ መዶሻው ቀስ አለ። ቁሩ ቅርጽ ሲይዝ ዓይኑን ገለጠና «ለየትኛው ንጉሥ ነኝ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለአዞ ነህ።»

«ለአዞ? ያ አፉ የሚሸተው? ኧረ ወደ ማረሻነቴ መልሱኝ!»

እመት ኤሊ አባብላ፣ የበግ ጠጉር የታጨቀበት የቆዳ ገበር ከውስጥ ለብጣ፣ በማግስቱ ወስዳ አዞው ራስ ላይ ደፋችው። ዝቅ ያለ፣ ለስላሳ፣ አናት ላይ የሚመች ቁር ነበር። አዞው ጭራውን ሳያነሳ ራሱን አስግጎ ውሃው ላይ መልኩን አየ።

«ይሄ ምንድን ነው? ድስት የደፋሁ መሰልኩ! ጉትያ ይኑረው። ጉማሬው ከማዶ ሆኖ ሲያየኝ ውሃው ውስጥ ይሽና!»

«ጌታዬ፣ ከላይ ከከበደ እኮ ይዘምብዎታል።»

«ራሱ የማን ነው?»

«የርስዎ።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ሥሪ!»

ሠራች። በሁለተኛው ቀን ቁሩ የአንድ ጦር ቁመት ያለው የብረት ጉትያ አብቅሎ መጣ። አባ ጥርሱ ደፋውና ኮራ ብሎ ራሱን ወዘወዘ። ቁሩ ተንሸራቶ ጭቃ ውስጥ ተደፋ።

«እኔ ብረት ነኝ እንጂ ዓሣ አይደለሁም!» አለ ቁሩ፣ ጭቃውን እየተፋ።

አዞው ጮኸ። «አንቺ! የሚያስር ነገር አድርጊበት! ጉማሬው ፊት ቢወልቅብኝስ?»

«ባንገትዎ ዙሪያ ላስረው?»

«አንገቴ የታለና? ታሾፊብኛለሽ?»

እመት ኤሊ አየችው። እውነትም፣ ራሱ ያልቃል፣ ሆዱ ይጀምራል፤ መሃል ላይ ምንም የለም። «እንግዲያው በመንጋጋዎ በኩል ነው የሚሆነው። ልለካ» አለችና ከሳር የተገመደች ቀጭን ገመድ አፉ ዙሪያ አዞረች። ልኬቱን ለማየት ገመዷን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገች።

አዞው «ቶሎ በይ!» ሊል ፈለገ።

«ምምም!»

አፉ አልተከፈተም። እንደገና ሞከረ። «ምምምም!» አሁንም እምቢ። ዓይኖቹ ፈጠጡ።

እመት ኤሊ ደንግጣ ገመዷን ለቀቀች። አፉ ጓ ብሎ ተከፈተ። እሷ ገመዷን አየች፤ ሳር ናት። ጣቶቿን አየች፤ የኤሊ ጣቶች ናቸው። ከዚያ አዞውን አየችው።

«ምነው ጌታዬ፣ ምን ሆኑ?»

«እኔ? እኔ ምን እሆናለሁ! ልኬትሽ እንዳይበላሽብሽ ብዬ በፈቃዴ ነው ዝም ያልኩት።»

«ይባረኩ! እንዲህ ያለ ታጋሽ ደንበኛ አይቼ አላውቅም።»

«አዎ… ታጋሽ ነኝ።»

«ማሰሪያውን ከበሬ ቆዳ ጠፍር ላድርገው? ነው ወይስ ይጠነክርብዎታል?»

አባ ጥርሱ ላብ በላብ ሆነ። ይጠነክርብኛል ቢል ሐይቁ ሁሉ ሊስቅበት ነው። ደረቱን ነፋና «ለእኔ? ግንድ ለሚሰብር መንጋጋ? የፈለግሽውን ያህል አወፍሪው!» አላት።

እመት ኤሊ ወደ ሥራ ቦታዋ ተመለሰች፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሮጠች። ከጠዋት የተነሳችው ቀንድ አውጣ ግን ቀድማታለች።

የሰማችውን ያየችውን ለባልደረቦቿ ነገረቻቸው። መዶሻው ዘለለ። «በቃ! አፉን አስሪልኝና አናቱን ልበለው!»

«አንተ ጅል፣ ጭራው ያለው ልጆቼ ላይ ነው። አፉ ታስሮ ቢንፈራገጥ ዘጠኙም ገንፎ ይሆናሉ። መጀመሪያ ጭራው ከአሸዋው መነሳት አለበት።»

ወናፉ እያዛጋ «ብ… ብንለምነውስ?» አለ።

ያን ጊዜ ቁሩ ጎሮሮውን ጠረገ። «የጉትያዬ ቁመት ስንት ነው?»

«አንድ ጦር።»

«ሁለት ይሁን። ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አድርጉልኝ። የቀረውን ለእኔ ተዉት። ኩሩ ማለት እኔ ነኝ፤ ኩሩ የት የት እንደሚያሳክከው አውቃለሁ።»

በሦስተኛው ቀን ቁሩ መጣ። ጉትያው የሁለት ጦር ቁመት ነው፤ ጫፉ ላይ የተወለወለ መዳብ ፀሐይ ይመስላል። ከግራና ከቀኝ ወፍራም ጠፍር ተንጠልጥሏል። መቆለፊያው ዘለበት ግን ከኋላ፣ የአዞ አጭር እጅ ፈጽሞ የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው።

እመት ኤሊ ደፋችለት። ጠፍሩን በመንጋጋው ሥር አሳልፋ ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ አደረገችና ዘለበቱን ቀጭ!

«ጠበቀ እንዴ ጌታዬ?»

«ምም።»

«ላላ?»

«ምም።»

«ታጋሽነትዎ ነው እንጂ ሌላው ቢሆን ይነጫነጭ ነበር!»

አባ ጥርሱ በዓይኑ ብቻ አያት። መፍታት እንዳለባት ሊያመለክታት እጁን አነሳ፤ ወዲያው ሐፍረት ያዘውና መልሶ አወረደው። ይሄኔ ቁሩ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ ማር የሆነ ድምፅ አወጣ።

«ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ ግርማ አይቼ አላውቅም። ውሃው ላይ ይመልከቱት እስቲ።»

አዞው ራሱን አሰገገ።

«ከዚህማ ሆነው የሚያዩት ሩቡን ነው። ሸንበቆው ይጋርደዋል። አንድ እርምጃ ገባ ይበሉ።»

አዞው አንድ እርምጃ ገባ። ጭራው በአሸዋው ላይ አንድ ክንድ ተጎተተ።

«አሁን እኩሌታው ታየ! ሌላ አንድ ይጨምሩ።»

ጨመረ። ጭራው ሌላ አንድ ክንድ ተጎተተ። አሸዋው ውስጥ ከታች አንድ ነገር ጫር ጫር አለ።

«መዳቡ፣ መዳቡ ብቻ ቀረ! ወይ ጉድ፣ ቢያዩት! ጉማሬው ዛሬ አገር ጥሎ ይጠፋል!»

አባ ጥርሱ ጉማሬ ሲባል አላስቻለውም፤ ዘሎ ገባ። ጭራው ከአሸዋው ላይ ተነሳ፣ አየሩን ቀዘፈና ጧ ብሎ ውሃው ላይ ወደቀ። ጉትያው ደግሞ ዘመመ፣ ዘመመ፣ ዘመመና አዞውን በራሱ ደፍቶ ጭቃው ላይ ተተከለ።

«ተነሳ! ጭራው ተነሳ!» እያለ መዶሻው ጨፈረ። ወናፉ ራሱ ሳያዛጋ እልል አለ።

ውሃው ተላወሰና አያ ጉማሬ ብቅ አለ። «እንደምን ዋልክ አባ ጥርሱ! ምነው፣ ጦር ተክለህ እርሻ ጀመርክ እንዴ?»

«ምምም!»

«ምን አልክ?»

«ምምምም!»

«ወንድ ልጅ አይደለህም? የምትለው ካለህ አፍህን ከፍተህ ተናገር እንጂ!» ጉማሬው ሳቀ። እስከሚበቃው ሳቀ። ከሳቁ የተነሳው ማዕበል ማዶ ያለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከነታንኳው የጎጆው ጣሪያ ላይ ሰቀለው።

አዞው እንደ ምንም ጉትያውን ነቅሎ፣ ራሱ ወደ ግራ እንደዘመመ፣ ወደ ዳር ተሳበ። እመት ኤሊ ግን አሸዋዋ ላይ ወጥታ ጠበቀችው።

«ጌታዬ፣ ቁሩ ካላማረዎት ይንገሩኝና ልፍታው።»

«ምም።»

«አማረኝ ማለትዎ ነው? ደስ አለኝ! ደከምኩ ብል ውሸቴን ነው።»

ይሄን ስትል አሸዋው ተሰነጠቀ። አንድ ትንሽ ራስ ወጣ። ሁለተኛ ወጣ። ሦስተኛ ወጣ። ዘጠኙም ወጥተው ተሰልፈው፣ በአዞው አፍንጫ ሥር፣ ሊቆረጥማቸው በዛተው መንጋጋ አጠገብ፣ ቀስ እያሉ ወደ ውሃው ተጓዙ። የቀስታቸውን ነገር ልተወው፤ የመጀመሪያው ውሃ ሲነካ የመጨረሻው ጥርስ አብቅሎ ነበር። ያ የመጨረሻው ቆም ብሎ አንጋጠጠ።

«እማዬ፣ ይሄ ትልቅ ግንድ ምንድን ነው?»

«ደንበኛዬ ነው ልጄ። እለፍ፣ አይናከስም።»

ጠፍር ውሃ ሲጠጣ ይለጠጣልና ከሦስት ቀን በኋላ ማሰሪያው ላልቶ ቁሩ ወለቀ። አዞው ዳር ወጣ። አፉን ከፈተ፤ ተከፈተለት። ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። አላመነም። እስከ ዛሬም አላመነም! አዞ ሐይቅ ዳር ፀሐይ ላይ ተጋድሞ አፉን በርግዶ ካያችሁት፣ ይከፈትልኝ ይሆን እያለ እየሞከረ ነው። የተማሩ ሰዎች ሌላ ምክንያት ይሰጣሉ፤ እነሱ ምን ያውቃሉ፣ በቦታው አልነበሩም። እኔም አልነበርኩም፤ እኔ ግን ከቁሩ አፍ ነው የሰማሁት።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ድክመቱን ላለማመን «በፈቃዴ ነው» የሚል ጉልበተኛ፣ ማሰሪያውን ራሱ አስለክቶ ይገባበታል። ተረቴ አለቀ፤ ጎሮሮዬም ደረቀ፤ ጠላ የያዘ ወዲህ ጠጋ ይበል።