ገና ላልተወለደው ልጅ ማን ይመልስ?

አንድ ንጉሥ ነበሩ። የበኩር ልጃቸው በተቧጨረ ቁጥር ደሙ አልቆም ይል ነበርና አንድ ቀን ከፈረስ ወድቆ ሞተባቸው። ሕመሙ በዘር የሚወርድ ነው። ንግሥቲቱ እንደገና ሲያረግዙ ቤተ መንግሥቱ በመደሰት ፈንታ ፈራ። እሳቸውማ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ሲያለቅሱ ይውላሉ።

በዚህ መሀል አንድ ጠቢብ ተገኘ። በዘር የሚወርደውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ለይቶ ያያል፤ የተበላሸውንም ልጁ ገና በማህፀን ሳለ ያቃናል። ንጉሡ አስጠርተው፣ "ልጄን ከዚህ ሕመም አድንልኝ" አሉት። "እችላለሁ" አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ንጉሥ "እችላለሁ" የሚል ሰው ካገኙ በአንድ ልመና መች ይጠግባሉ!

"እጅህን ካስገባህ አይቀር፣ ቁመቱን እንደ አጎቴ አርግልኝ። ድምፁ ጎርናና ይሁን። ፍርሃት የሚባል አይወቅ። አደን የሚወድ እንጂ ጥግ ይዞ የሚተክዝ እንዳይሆንብኝ።"

ጠቢቡም መለሰ። "ጃንሆይ፣ ሕመሙን ለማንሣት የማንንም ቃል አልጠብቅም፤ ታምሜ ልሙት የሚል ልጅ የለም። ለቀረው ግን ስለ ልጁ የሚመልስልኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

"እኔ አባቱ አለሁ አይደል?"

"እርስዎማ ጠያቂው ነዎት። ሕፃን ክርስትና ሲነሣም ስለ እሱ የሚመልሰው የክርስትና አባቱ ነው።"

ንጉሡ ተቆጡ። ግን ሥርዓቱን ያውቃሉና ለክርስትና አባትነት ያጩትን አብሮ አደጋቸውን ግራዝማች ደስበለውን አስጠሩ። እሺ እንደሚሏቸው አልተጠራጠሩም።

ግራዝማች ሁሉንም ሰምተው ንጉሡን ትክ ብለው አዩአቸው። "ጃንሆይ፣ አባትዎ እርስዎን ምን ሊያደርጉ ነበር የሚመኙት?"

"አዳኝ ነዋ!"

"እርስዎስ?"

ንጉሡ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። "የጠመንጃ ድምፅ ስሰማ እደበቅ ነበር። ወንዝ ዳር ጭቃ እያቦካሁ ውሃ ስገድብ እውል ነበር።"

"ለዚህ ከተማ ውሃ ያመጣለት ያ ጭቃ አቡኪ ልጅ ነው። አባትዎ ይህን ጠቢብ አግኝተውት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እኔ ከማን ጋር እነጋገር ነበር?"

ንጉሡ አንገታቸውን ደፉ። ንግሥቲቱ ከመጋረጃው ኋላ ሆነው፣ "ብቻ በሕይወት ይቆይልኝ፤ ከዚያ የፈለገውን ይሁን" አሉ። ጠቢቡም ሕመሙን ብቻ አነሣ።

ልጁ ተወልዶ አደገ። አጭር ነው። ፈረስ ይፈራል። ሲዘፍን ጆሮ ያስይዛል። አንድ ቀን ሲጫወት ወድቆ ጉልበቱ ተላጠና እያለቀሰ ወደ አባቱ መጣ። ንጉሡ ጉልበቱን ጠርገው ደሙን እያዩ ጠበቁ። ደሙ ቆመ።

ልጁ እንባውን እየጠረገ፣ "አባባ፣ ሳልወለድ ሊመርጡልኝ ነበር አሉ። ምን መረጡልኝ?" አላቸው።

"እንድትኖር።"

"ሌላስ?"

"ሌላውን ላንተ ተውኩልህ።"

ልጅን ከሞት ማዳንና ልጅን በራስ ምኞት ልክ መስፋት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለልጁ ነው፤ ሁለተኛው ግን ፍቅር ቢመስልም ለራሳችን ነው። የሰውን ዘር ማረም በሚሞከርበት በእኛ ዘመን ድንበሩ ሁልጊዜ እንዲህ ግልጽ አይሆንም፤ ሕመም የትኛው እንደሆነ፣ ምኞትም የትኛው እንደሆነ ገና ብዙ እንከራከራለን። እናንተስ ገና ላልተወለደ ልጅ የክርስትና አባት ወይም እናት ሆናችሁ ብትጠሩ፣ ስለ እሱ ምን ትመልሱ ነበር?