ያልተፈረመው ንድፍ

አንድ ማክሊሽ የሚባል ስኮትላንዳዊ መሐንዲስ ነበር። በወጣትነቱ አገሩን ለቆ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ረግረግ ላይ የተቆረቆረች የወደብ ከተማ ገባ። ሠላሳ ዓመት ጭቃ ውስጥ ቆሞ ድልድይና የመርከብ ማቆሚያ ሠራ፤ ሁለት ወንዶች ልጆቹንም አርክቴክቸር አስተማረ።

ከተማዋ አዲሱን ማዘጋጃ ቤት እንዲሠሩ ልጆቹን መረጠች። እነሱ ረግረጉን አያውቁትም። ስለዚህ መሠረቱን አባታቸው ነደፈላቸውና በወረቀቱ ጥግ «ከሁለት ፎቅ በላይ አይሸከምም» ብሎ ጻፈበት። ልጆቹ ንድፉን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ፊርማቸውን አኖሩበት። የጥጓን ጽሑፍ አልገለበጧትም።

«የእኔስ ፊርማ?» አለ አባትየው።

«አባባ ደግሞ! መሬት ውስጥ የተቀበረ ነገር ማን ያየዋል ብለው ነው?» ብሎ ታላቁ ሳቀ። «በቤተሰብ መካከል ፊርማ ምን ያደርጋል?»

ሽማግሌው «ያው ልጆቼ ናቸው» ብሎ ተወው። ስህተቱ ይቺ ናት።

ልጆቹ ከንቲባውን ለማስደሰት ሦስተኛ ፎቅ ጨመሩ። በምረቃው ዕለት የሁለቱ ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ተገለጠ፤ ሜዳሊያም ተሸለሙ። አባትየው ከኋላ ቆሞ አጨበጨበ።

በሦስተኛው ክረምት ሕንፃው ከታች እስከ ላይ ተሰነጠቀ። አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ።

«መሠረቱን የነደፉት አባታችን ናቸው» አሉ ልጆቹ። «እርጅና ነው፤ አትፍረዱባቸው።»

ሰብሳቢው ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ስምዎ የትም ላይ የለም። ‹የእኔ አይደለም› ቢሉ ማንም አይነካዎትም።»

«መሠረቱ የእኔ ነው» አለ ማክሊሽ። «ለሁለት ፎቅ ነው የሠራሁት። ሦስተኛውን የጫነውን ጠይቁ።»

«ማስረጃ አለዎት?»

አባትየው ልጆቹን አያቸው። «እኔ የጻፍኩበትን ወረቀት የት አደረሳችሁት?»

ታናሹ አቀረቀረ። ታላቁ ግን ዓይኑን ሳያሽ፣ «የምን ወረቀት፣ አባባ?» አለ።

የማክሊሽን የሥራ ፈቃድ ነጠቁት። ልጆቹ በዚያው ዓመት የከተማዋን ቲያትር ቤት ሥራ ተረከቡ።

ይህን የሚሰማ ሁሉ ልጆቹን ይረግማል። ይርገማቸው፣ ይገባቸዋል። ነገር ግን በምረቃው ዕለት «መሠረቱን ማን ሠራው?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ከተማው በሙሉ ጠየቀ። ልፋትህን በራሱ ስም የሚፈርም ሰው፣ ጥፋቱን በአንተ ስም ይፈርማል፤ የአብራክህ ክፋይ ቢሆንም እንኳ። ስለዚህ የሠራኸውን ስምህን ሳትጽፍበት ከእጅህ አታውጣ።

አንተስ፣ በስንቱ ምረቃ ላይ ስታጨበጭብ ስሙ ስለጎደለው ሰው ጠይቀህ ታውቃለህ?