ሁሉ የቀላበት መጽሐፍ

አንድ ሀብታም ነበረ። መጽሐፍ ይወዳል፤ ማንበብ ግን አይችልም።

ዘርፌ፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። «የጤና ጣቢያውን ድረ ገጽ ስሠራ ርዕሱን ሁሉ አንደኛ ደረጃ ባደርገው ምን ይጎዳል? ትልቅ ሆኖ ያምራል» አልሽኝ አይደል? እንግዲያው ስሚኝ።

ሀብታሙ ከአያቱ የወረሰው የመድኃኒት መጽሐፍ ነበረው። ስላረጀ፣ አንድ ቁም ጸሐፊ ጠርቶ በአዲስ ብራና እንዲገለብጥለት አዘዘ። በአሮጌው መጽሐፍ የበሽታው ስም በትልቅ ቀይ ፊደል ተጽፏል። ከሥሩ «ለሰው»፣ «ለከብት» የሚለው በትንሽ ቀይ ነው። የቀረው ጥቁር ነው። ጸሐፊውም እንዲሁ አድርጎ ጀመረ። ሀብታሙ መጥቶ አየና ተቆጣ።

«ምነው ቀዩን ሰሰትክ? የድሃ መጽሐፍ አስመሰልክብኝ! ሁሉንም በትልቁ፣ በቀዩ ጻፈው።»

«ጌታዬ፣ ቀዩ እኮ ለጌጥ አይደለም፤ አንባቢው...»

«የመጽሐፉ ባለቤት ማነው?»

ጸሐፊው ጉዳቱን ያውቅ ነበር። ግን እንጀራው ነውና ዝም አለ፤ እንደታዘዘውም ጻፈ። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር መጽሐፉ ይገለጣል፤ እንግዳውም «አቤት ማማሩ!» ይላል።

በመኸር ወራት የሀብታሙን ልጅ አውድማ ላይ እባብ ነደፋት። ማንበብ የሚችል ጎረቤት ተጠራ። እየሮጠ መጥቶ መጽሐፉን ገለጠው፤ ዓይኑ የሚያርፍበት አጣ። «ለሰው» የሚል አገኘ፤ የየትኛው በሽታ እንደሆነ ግን አላወቀም። ቢያገላብጥ ሌላ «ለሰው»፣ ሌላ «ለከብት»። ቸገረውና ከመጀመሪያው ቅጠል አንስቶ አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። እባብ ጋ ሳይደርስ እናትየው ጮኸች።

ጸሐፊውም ለቅሶ መጣ። ሀብታሙ እጁን ያዘው።

«የእባቡን መድኃኒት ዘለልከው?»

«አልዘለልኩም። አርባኛው ቅጠል ላይ አለ።»

«በቀይ?»

«እንደ ሌላው ሁሉ፣ በቀይ።»

ይኸውልሽ ዘርፌ። ሀብታሙ አንቺ ነሽ፤ ቀዩም አንደኛ ደረጃሽ ነው። አንደኛው ደረጃ ለገጹ ስም ነው፤ አንድ ጊዜ ይበቃል። ሁለተኛው ለዋና ዋና ክፍሎቹ፣ ሦስተኛው በእነሱ ሥር ላለው ነው። ዓይነ ስውር አንባቢሽ ገጽሽን አያየውም። ኮምፒውተሩ ርዕሱን ከነደረጃው ያነብለታል፤ እሱም ከርዕስ ርዕስ እየዘለለ የሚፈልገው ጋ ይደርሳል። ሁሉንም አንደኛ ካደረግሽበት የቱ በየትኛው ሥር እንዳለ በምን ይወቅ? ልጁ እየነደደችበት የትኩሳቱን ምክር ሲፈልግ፣ ማማሩ ምን ይፈይድለታል?

ያ ጸሐፊ እያወቀ ዝም አለ። ከሀብታሙ ይልቅ የምጠላው እሱን ነው። ስለዚህ ቁጭ በይና ርዕሶችሽን አስተካክዪ። ቅር ቢልሽም ይበልሽ፤ እኔ ዝም አልልም።