ጨው የላሱት ተወዳዳሪዎች

ተረት ተረት! ምነው ዝም አላችሁ? «የመሠረት» በሉ እንጂ፣ አለዚያ አልቀጥልም። እሺ፣ እንዲህ ነዋ!

በድሮ ጊዜ፣ ስሙን እኔም በማላውቀው አገር፣ አንድ ምንጭ ነበረ። ውሃው ከትልቅ አለት ጀርባ ይፈልቅና በቦይ ወርዶ ታች ካለው ገንዳ ይጠራቀማል። እንስሳት ሁሉ የሚጠጡት ከዚያ ገንዳ ነው። በዚያ ውሃ ዳር ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ ጥርስ ማንሣት ክልክል ነበር። ጅብና ፍየል ጎን ለጎን ቆመው ይጠጡ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እመኑ፤ ጥም የማያስታርቀው የለም። ቦዩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ሹም «የውሃ አባት» ይባል ነበር።

ያኔ የውሃ አባት ቀበሮ ነበር። አቤት ቀበሮ! ሊሾም ሲል «ምረጡኝ እንጂ ውሃውን እደጃችሁ አመጣዋለሁ!» ብሎ ነበር። ከተሾመ በኋላ ግን ዶሮን «እንቁላል ካላመጣሽ አትጠጪም» አላት። ፍየልን ደግሞ «ለአንድ መጠጫ ውሃ አንድ ቅል ወተት» አላት። በጋው ሲከር ቅሉን በትልቅ ቅል ለወጠው። ለምን ሲሉት «ምን ላድርግ፣ ኑሮ ተወደደ!» ይላል። ያስወደደው እኮ ራሱ ነው!

ፍየሏ መንታ ወልዳለች። ውሃ ካልጠጣች ወተት የላትም፤ ውሃ ለመጠጣት ደግሞ ወተቷን ትሰጣለች። ግልገሎቿ ጡቷን ጎትተው ጎትተው ባዶ ሲሆንባቸው ያለቅሳሉ። እሷም አንጀቷ አረረ።

«ወተት ሰጥቼ ውሃ፣ ውሃ ጠጥቼ ወተት! ለልጆቼ ምን ተረፈ? እኔ የቀበሮ ቦይ ነኝ እንዴ?» አለች።

አዲስ የውሃ አባት የሚመረጥበት ቀን ደረሰና እንስሳት ከአንድ ሾላ ሥር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢዋ ዔሊ ነበረች። ስንቱ የውሃ አባት ሲሾምና ሲሻር ያየች ናት፤ ንግግሯም እንደ እርምጃዋ ዝግ ያለ ነው።

«በሉ፣ ተወዳዳሪዎች፣ ያላችሁን ተናገሩ» አለች።

ቀበሮ ጭራውን ነስንሶ ተነሣ። «ወገኖቼ! ምረጡኝ እንጂ ወንዙን ሽቅብ አፈሰዋለሁ!»

አያ ጅቦ ብድግ አለ። «ይቺ ምን አላት! ምረጡኝ እንጂ በዚህ አገር የሚራብ አይኖርም። ለሁሉም አጥንት አድላለሁ!»

«አጥንቱ የማን ነው፣ አያ ጅቦ?» አለች ፍየል ከኋላ።

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። አያ ጅቦ ጉሮሮውን ጠረገና «እሱን ከምርጫው በኋላ እንነጋገራለን» ብሎ ተቀመጠ።

ቀበሮ ግን ተቆጣ። «ማን ጠራሽ አንቺን? ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ!»

«ማን ጠራሽ ትለኛለህ? ወተቴን ስትጠጣ የከረምከው አንተ አይደለህ?» አለችው። ከዚያ ወደ ጉባኤው ዞረች። «እኔም ተወዳዳሪ ነኝ። ወንዝ ሽቅብ አላፈስም። ውሃን በወተትና በእንቁላል አልሸጥም። ቦዩን በደቦ እንጠርጋለን፣ ሁሉም ይጠጣል፣ እኔ መጨረሻ እጠጣለሁ።»

ጦጣ ከቅርንጫፉ ላይ ሆና አጨበጨበች። አህያም «ይበል!» አለች።

ዔሊ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ልጆቼ፣ አፍ ዳገት አይፈራም። የአባቶቻችንን ወግ ረሳችሁት? የውሃ አባት ልሁን ያለ አስቀድሞ ጨው ይልሳል። ከዚያ ምንጩ ዘንድ ወጥቶ ቦዩን ይከፍታል። እዚህ ታች ያለው ሁሉ ጠጥቶ እስኪጨርስ እሱ ውሃ አይቀምስም። ጥምን የማያውቅ ለተጠማ ሊያዝን ነው?»

ወጉን ያስቀረው ቀበሮ ነበር። ልቡ ድንግጥ አለ። ግን ምንጩ ከአለቱ ጀርባ መሆኑን አሰበና ደስ አለው፤ ማን ያየኛል አለ። «ጨው ነው? ምን ችግር አለ፣ አምጡት!» ብሎ ከሁሉም አብልጦ ላሰው፤ ጀግና ነኝ ለማለት።

መጀመሪያ አያ ጅቦ ጨውን ልሶ ወደ ምንጩ ወጣ። ብዙም አልቆየ። «ኧረ ሹመቱ ገደል ይግባ፣ እኔስ ጠጣሁ!» ሲል እታች ድረስ ተሰማ። ሄደ በዚያው። እሱስ ቢያንስ አልዋሸም።

ቀጥሎ ቀበሮ ወጣ። ቦዩን ከፈተና «ጠጡ ወገኖቼ፣ እኔ እጠብቃለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጉሮሮው ግን ተቃጠለ። ግራ ቀኝ አየ፤ ማንም የለም። ምንጩ ውስጥ በአራት እግሩ ዘሎ ገባና ይገለብጠው ጀመር። ጭቃው ተነሣ። ድፍርሱም በቦዩ ወርዶ ገንዳው ውስጥ ገባ። ታች ዶሮ አንዴ ጎንጨት አለችና «እትፍ!» ብላ ተፋችው።

«ቀበሮ ሆይ፣ ውሃው ምን ሆኖ ደፈረሰ?» አለች ዔሊ።

ቀበሮ አፉን ጠራርጎ ብቅ አለ። «ከላይ ዝናብ ጥሎ ነው!»

ሁሉም ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። የደመና ቁራጭ እንኳ አልነበረም።

«እናቴ ትሙት፣ ጠብታ አልቀመስኩም!» አለ ቀበሮ፤ ሆዱ ግን ከበሮ አክሏል።

በመጨረሻ ፍየል ወጣች። ፍየልና ጨው ደግሞ ታውቁ የለ? ልቅም አድርጋ ነው የላሰችው፣ የኔ ሞኝ። ምላሷ ከላንቃዋ ተጣበቀ። ውሃው ከእግሯ ሥር ይንፎለፎላል። «አንድ ጉንጭ ብትጠጪ ማን ያይሻል?» አላት ጉሮሮዋ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አጎንብሳ ነበር፤ ከንፈሯ ውሃውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ይሄኔ ከታች ከሰልፉ መካከል ግልገሎቿ «እምቤ!» ሲሉ ሰማች። «ልጆቼ ድፍርስ ሊጠጡ?» አለችና ለውሃው ጀርባዋን ሰጠችው።

ገንዳው ጠጠሩ እስኪታይ ጠራ። ዶሮ ጠጣች፣ ግልገሎቹ ጠጡ። አህያ ደግሞ ምን እንደነካት እንጃ፣ እየተነፈሰች እየደገመች ጠጣች። በስተመጨረሻ ዔሊ ቀረች። ዔሊ እስክትደርስ! ፍየል ከላይ ሆና «እሜቴ ዔሊ፣ ስለ ፈጣሪ ፈጠን በይልኝ!» እያለች ለመነች። ዔሊ ደረሰች፣ ጠጣች፣ «ተመስገን» አለች። «ፍየል ሆይ፣ ሁላችንም ረክተናል፤ አሁን ጠጪ!»

ያኔ ጠጣች፤ እሷ ጠጥታ ስትወርድ ሁሉም «የውሃ አባታችን ፍየል ናት!» ብለው እልል አሉ።

«ቀበሮንስ ምን እናድርገው?» አለች ጦጣ።

«ያደፈረሰ ያጥራ። በደቦው ቀን ደለሉን ቀድሞ የሚጠርገው እሱ ነው» ብላ ፈረደች ፍየል።

ቀበሮ ሜዳ ላይ አፈር ሲጭር አይታችሁ አታውቁም? ከዚያ ጀምሮ ለምዶበት ነው። የፍየሏ ግልገሎች ግን በዚያው ምሽት ወተት ጠግበው አደሩ።

እኔም ተርቼ አፌ ደረቀ፤ ውሃ አቀብሉኝ፣ ግን አስቀድማችሁ እናንተ ጠጡ። ለዚህ ነው እንግዲህ አበው «ከላይ የጠጣ አፉን ቢጠርግ፣ ድፍርሱ ከታች ይመሰክራል» የሚሉት።